ላሊበላ በሁለት ርቀት፦ የወልድያ፣ የጋሸናና የላሊበላ የአውቶቡስ መስመር ታሪክ

(ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ ያለው ርቀት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን እንደምንገልጠው መጽሐፍ ይለያያል። አንዱ የጉዞ መመሪያ 640 ገደማ ይላል፤ ሌላው ወደ 700 ያስጠጋዋል። ይህ የ50 እና የ60 ኪሎ ሜትር ልዩነት የማተሚያ ቤት ስሕተት እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ከወልድያ ተነሥቶ በዲልብና በኩልመስክ በኩል ላስታን የሚያቋርጠውን አጭር መንገድ ይቆጥራል። ሁለተኛው ደግሞ ከወልድያ ወደ ምዕራብ ርቆ ሄዶ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን የሚታጠፈውን ረጅሙን መንገድ ይቆጥራል። በካርታ ሲታይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው፤ የአውቶቡስ መንገደኛ ዘወትር የሚሄደው ግን በሁለተኛው ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው፦ አውቶቡሱ ስለ ምን ረጅሙን መንገድ መረጠ? ምርጫውስ በከተማዪቱ ላይ ምን አስከተለ? የላሊበላ ስም በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ሁሉ ከዐለት ወደ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ይሄዳል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያች ከተማ ሰው ይወለዳል፣ ይታመማል፣ ይማራል፣ ዘይትና ሳሙና ይገዛል። ይህንን የዕለት ኑሮ የሚወስነው በብዙ መልኩ ንጋት ላይ ከመናኸሪያ የሚወጣው አውቶቡስ ነው። የነገሥታቱን ታሪክ የምናጠናውን ያህል የአውቶቡሱን ታሪክ ብናጠና ስለ ላስታ የምናውቀው ይሰፋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አስቀድመን «መስመር» ስንል ምን ማለታችን እንደ ኾነ እንስማማ። መንገድ በመሬት ላይ ያለ ነገር ነው፤ መስመር ግን ቃል ኪዳን ነው። የሒሳብ ሊቁና ፈላስፋው ብሌዝ ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1662 በፓሪስ ያስጀመረው የሠረገላ አገልግሎት የመጀመሪያው የከተማ ሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ ይጠቀሳል። ሠረገላ ከዚያ በፊትም ነበረ። አዲሱ ነገር መነሻውና መድረሻው፣ የመነሻ ሰዓቱና አምስት ሶል የነበረው ዋጋው አስቀድሞ መታወቁ፣ ሠረገላውም ባይሞላ እንኳ ጊዜው ሲደርስ መነሣቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1826 በፈረንሳይ ናንት ከተማ የተጀመረው ተመሳሳይ አገልግሎት «ኦምኒቡስ» ተባለ፤ በላቲን «ለሁሉም» ማለት ነው። ዛሬ «አውቶቡስ» ስንል የዚያን ቃል ጭራ ይዘን ነው። «ቡስ» በላቲን ራሱን የቻለ ቃል አይደለም፤ የሰዋስው ቅጥያ ብቻ ነው። «ሁሉም» የሚለውን ትርጉም የተሸከመው የቃሉ ራስ በጉዞ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ይህን የምጠቅሰው ለጨዋታ ያህል ቢኾንም «ለሁሉም» የሚለው ጥያቄ በንግግሬ ማብቂያ ላይ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

በአገራችን በቁጥር የሚታወቅ፣ ታሪፍና ፌርማታ ያለው የከተማ መስመር መሠረቱ አዲስ አበባ ነው። ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ጠላት ጥሏቸው በሄደ የጭነት መኪናዎች የተጀመረው አገልግሎት ኋላ አንበሳ አውቶቡስ ኾነ፤ ቀስ በቀስም ከከተማዪቱ ወጥቶ በዙሪያዋ ያሉትን ትንንሽ ከተሞች ጭምር ከመሐል ከተማ ጋር አገናኘ። በላስታ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የተለጠፈበት መስመር አልነበረም። የላሊበላ መስመር በልማድ፣ በስምሪት ወረቀትና በመንገዱ ጠባይ የቆመ መስመር ነው። ታሪኩን ለማግኘትም ከአውቶቡሱ በፊት ወደ ነበረው ዘመን መመለስ ግድ ይላል።

ላስታን «ሩቅ አገር» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ሩቅነቱ ግን ከምን ተነሥቶ ይለካል? በዛጉዌ ነገሥታት ዘመን፣ በዐሥራ ሁለተኛውና በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት፣ ሮሃ የመንግሥቱ መቀመጫ ነበረች፤ ሌላው አገር ነበር ከእርሷ የሚርቀው። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያይ ሲመጣ በበቅሎ መጣ፤ ያን ጊዜ ወደ ማናቸውም የኢትዮጵያ ደጋ የሚኬደው በበቅሎና በእግር ስለ ነበር ላስታ ከሌላው የተለየ ሩቅ አልነበረም። እግረኛና በቅሎ ዳገትን አይፈሩም። ለእነርሱ ችግሩ ወንዝ መሙላቱ፣ ስንቅ ማለቁ፣ ሽፍታ መኖሩ ነው፤ ተራራ ግን መታጠፊያ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም።

ይህን ለማየት 1860 ዓ.ም.ን እንመልከት። በዚያ ዓመት መግቢያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ነበር። መድፉ በሠረገላ የሚጎተት በመኾኑ በቅሎ የምትረግጠው መንገድ አልበቃውም። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ ገደል እየናዱ በዋድላ ደጋ ላይ እስከ ቤተ ሆር፣ ከዚያም የጅጣን ሸለቆ ወርዶ ወደ ደላንታ የሚወጣ መንገድ ሠሩ። ለመንኰራኵር የሚኾን መንገድ በዚያ አምባ ላይ ሲሠራ ምናልባት የመጀመሪያው ይህ ነው። በሌላ በኩል የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በአሸንጌ አልፎ የላስታን ተራሮች እያቋረጠ፣ የተከዜን መነሻ ተሻግሮ ወደዚያው ወደ ዋድላ ደጋ ወጣ። ዝሆን ጭምር ይዞ ነበር። ቤተ ሆር ሲደርስ የቴዎድሮስን መንገድ አገኘ፤ ቁልቁለቱንም የወረደው በጠላቱ መንገድ ነበር።

የጦርነቱን ታሪክ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ላሳያችሁ የፈለግሁት ቦታውን ነው። ከምዕራብ ከበጌምድር የሚመጣው፣ ከሰሜን ከላስታ የሚመጣው፣ ወደ ደቡብ ወደ ደላንታ የሚወርደው ሁሉ በዋድላ ደጋ ላይ ይገናኛል። ዛሬ የጋሸና ከተማ የምትገኘው በዚሁ ደጋ ላይ ነው። የመንገድ መሐንዲሶች መቶ ዓመት ያህል ቆይተው ሲመጡ የመረጡት መገናኛ፣ በእግርና በመድፍ ሠረገላ ዘመንም መገናኛ ነበር።

ታዲያ ላስታ «ሩቅ» የኾነችው መቼ ነው? መልሴ ግልጽ ነው፦ መኪና ሲመጣ። ጣሊያን በወረራው አምስት ዓመት የሠራው ትልቁ የሰሜን መንገድ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ፣ ከዚያም በአላማጣና በኮረም ወደ መቀሌና አስመራ የሚሄደው ነው። ይህ መንገድ በወሎ በኩል የሚሄደው የደጋውን ምሥራቃዊ ጠርዝ ተከትሎ ነው። ላስታ በስተግራ፣ ከግድግዳው በላይ ቀረች። ወልድያ በር ኾነች፤ ከበሩ ጀርባ ያለው አገር ግን እንደ ቀድሞው በበቅሎ የሚደረስበት ኾኖ ቀጠለ። ከዚያ በፊት ሁሉም አገር በበቅሎ ይደረስበት ነበር፤ አሁን ግን አንዱ በመኪና፣ ሌላው በበቅሎ ኾነ። ሩቅነት የተወለደው ከዚህ ልዩነት ነው። ተራራው አልተንቀሳቀሰም።

ከዚህ በኋላ አንድ እንግዳ ነገር ተከሰተ። ላሊበላ ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ የመኪና መንገድ ከማግኘቷ በፊት አውሮፕላን አገኘች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዲሲ 3 አውሮፕላኖቹ ጎብኚዎችን በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በላሊበላና በአክሱም የሚያዞር ታሪካዊ መስመር ነበረው። በላሊበላ የሚያርፈው በሣር ሜዳ ላይ ስለ ነበር በክረምት በረራው ይቋረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርኪቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት አብያተ ክርስቲያናቱን የመጠገን ሥራ ሲካሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ ቦታውን በመጀመሪያው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሲያሰፍር፣ ከተማዪቱ ለዓለም ትቀርብ ነበር፤ ለጎረቤቷ ለወልድያ ግን ገና ሩቅ ነበረች። የሮም ጎብኚ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቀትር ላሊበላ ይደርሳል፤ የወልድያ ነጋዴ በበጋ በሚያስቸግረው ጥርጊያ፣ በክረምት በበቅሎ ቀናት ይፈጅበታል። እኔ ይህን በአገራችን የትራንስፖርት ታሪክ ከምናገኛቸው ግልጽ የአለመመጣጠን ማስረጃዎች አንዱ አድርጌ እወስደዋለሁ።

አውቶቡሱን ያመጣው መንገድ የተሠራው ለላሊበላ ተብሎ አልነበረም። ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ በ1963 ዓ.ም. ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ጀመሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቤጂንግን ጎበኙ። ከዚያ ጉብኝት ጋር ተያይዞ በተገኘው ብድር ከታቀዱት ሥራዎች ዋነኛው ከወልድያ እስከ ወረታ የሚዘልቀው፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ ነበር። በደርግ ዘመን ተሠርቶ አለቀ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ዓላማው ወሎን ከበጌምድር፣ የደሴን መንገድ ከጎንደርና ከባሕር ዳር መንገድ ማገናኘት ነበር። ከወልድያ በዲልብ ዳገቱን ይወጣል፤ ጋሸናን፣ ፍላቂትን፣ ነፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ይወርዳል። በሌላ አባባል ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ ዋድላ የመጡበትን የደጋ ጀርባ ሲከተል ይውላል።

ላሊበላ ከዚህ መንገድ በስተሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ርቃ ቀረች። ስለዚህ ከጋሸና የሚገነጠል ቅርንጫፍ ተበጀላት። ቅርንጫፉ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ ይነሣና ወደ ተከዜ ገባሮች ሸለቆ ይወርዳል፤ ከ2,000 ሜትር በታች በኾነው በሹምሽሃ ሜዳ አቅራቢያ አልፎ እንደገና ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። አንድ ተሳፋሪ በዚህ አጭር ርቀት ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር ወርዶ ተመልሶ ወደ ጤፍ አገር ይገባል ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት መንገዱ ጠጠር ነበር፤ በበጋ አቧራው የፊት መኪናን ይሰውራል፤ በክረምት ጭቃው ጎማ ይይዛል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወልድያ ላይ የቆመ ሾፌር ሁለት ምርጫ አለው። በኩልመስክ ቢሄድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጋሸና ቢሄድ ግን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ሌላ 64 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ለምን ረጅሙን ይመርጣል? አንደኛው ምክንያት መንገዱ ነው። የኩልመስኩ መንገድ ገደላማ ነው፤ የተከዜ መነሻ የኾኑ ወንዞችን ያቋርጣል፤ በዝናብ ጊዜ አያስተማምንም። የቻይናው መንገድ ግን ዋና የአገር መንገድ ስለ ኾነ ይጠገናል። ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው ምክንያት ተሳፋሪው ነው። አውቶቡስ የሚኖረው ከመነሻ እስከ መድረሻ በሚሄደው ሰው ብቻ አይደለም፤ በመንገድ በሚወርደውና በሚሳፈረው ጭምር ነው። በጋሸና በኩል ሲሄድ የዋድላና የመቄት ገበያተኛ ይሳፈራል። ከባሕር ዳር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣው መንገደኛም የሚገባው በዚያው በጋሸና ነው። ስለዚህ አንዱ ቅርንጫፍ የደሴንም የባሕር ዳርንም ሰው ይቀበላል። ኩልመስክ የሚያገለግለው አንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው። መኪና በበዛበት መንገድ ላይ መኪና ይጨመራል፤ መኪና ያነሰበትን መንገድ ደግሞ ለመጠገን የሚቸኩል የለም። እንዲህ እየኾነ አጭሩ መንገድ እያጠረ ሳይኾን እየራቀ ሄደ።

የዚህን ምርጫ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? በአገራችን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ታሪፍ በኪሎ ሜትር የሚሰላ ነው፤ የአውቶቡሱ ደረጃና መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር መኾኑ ሒሳቡን ይለውጠዋል። ስለዚህ ከወልድያ ላሊበላ የሚሄድ ተሳፋሪ ሁሉ ያንን የ50 ኪሎ ሜትር ትርፍ በእያንዳንዱ ጉዞ ከኪሱ ይከፍላል፤ ለሕክምና ደሴ የሚወርደውም፣ ለትምህርት ወልድያ የሚመላለሰውም፣ ከወልድያ በሚመጣው ዘይት ላይ የሚጨመረውን የጭነት ዋጋ የሚከፍለው ሸማችም ጭምር።

ጋሸናን ከዚህ በላይ ልቆይባት እወዳለሁ፤ መስመር ከተማ ሲሠራ የሚታየው በእርሷ ነው። በሌላ አገር ይህን የሚሠራው የባቡር ጣቢያ ነው፤ ድሬዳዋንም የፈጠራት ባቡሩ ነው። ጋሸናን ያሰፋት ግን መገንጠያው ነው። ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ጋሸና ይወርዳል፤ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪና እስኪገኝ ይቆያል። የሚቆይ ሰው ይበርደዋል፤ የበረደው ሰው ሻይ ይፈልጋል፤ የመሸበት መኝታ ይፈልጋል። ሻይ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ የደላሎቹ ጩኸት፣ እነዚህ ሁሉ ከመጠበቅ የተወለዱ ናቸው። የመስመር ታሪክ ጸሐፊ የሚጓዙ መኪናዎችን ብቻ ቢቆጥር ግማሹን ታሪክ ይስታል፤ ሌላው ግማሽ የቆመው ሰው ታሪክ ነው።

የጉዞው ሥርዓትም የራሱ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን የግል አውቶቡሶች ጭምር በቀጣና ተደራጅተው በመንግሥት ስምሪት ይሠሩ ነበር፤ ከለውጡ በኋላ ገበያው ለግል ባለንብረቶችና ለማኅበራት ተከፈተ። ሥርዓቱ ቢለወጥም አንዳንዱ ልማድ አልተለወጠም። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሌሊት እንዳይጓዝ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ስለ ቆየ መናኸሪያው ጎሕ ሳይቀድ ይሞላል፤ በሩ ሲከፈት ሰው ሻንጣውን አንግቦ ይሮጣል፤ ረዳቱ የመድረሻውን ስም ይጣራል፤ በጉና ማዳበሪያው፣ የዶሮው ቅርጫትና የማር ቆርቆሮው ከላይ ይጫናል። ከአዲስ አበባ የተነሣ የላሊበላ መንገደኛ ለረጅም ዘመን የመጀመሪያውን ሌሊት ደሴ ወይም ወልድያ ያሳልፍ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ነበር የሚደርሰው። ከትላልቁ አውቶቡስ ሌላ ይህን መስመር በዋናነት የያዘው በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቦዲ የተሠራለት፣ ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» ያለው መካከለኛ አውቶቡስ ነው። ስሙ ከአሠራሩ የመጣ ነው፤ ጠጠር መንገድ ላይ የተቀመጠበት ሰው ግን ከጉዞው የመጣ ቢመስለው አልፈርድበትም።

ከፓስካል ሠረገላ ጋር ስናነጻጽረው አንድ ትልቅ ልዩነት እናገኛለን። የፓሪሱ ሠረገላ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣ ነበር፤ የእኛ አውቶቡስ ከንጋቱ የመጀመሪያ መነሻ በኋላ የሚነሣው ሲሞላ ነው። «ሲሞላ» የሚለው ሕግ ለባለንብረቱ ኪሳራን ይከላከላል፤ የተሳፋሪውን ጊዜ ግን እንደ ነፃ ዕቃ ይቆጥረዋል። ከሰዓት በኋላ ጋሸና የደረሰ በሽተኛ፣ መኪናው ስላልሞላ ብቻ ቀኑ ሊመሽበት ይችላል። መንግሥት ታሪፉን በኪሎ ሜትር ይወስናል፤ የመጠበቂያውን ሰዓት ግን የሚወስን አካል የለም።

በዚህ መስመር ላይ ዓመታዊው ትልቅ ፈተና የልደት በዓል ነው። ወደ ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ምእመናን ከየአቅጣጫው ወደ ላሊበላ ይጎርፋሉ። የገጠሩ ሰው ዛሬም በእግሩ ይመጣል፤ ብዙዎች ቀናት፣ አንዳንዶችም ሳምንታት ተጉዘው፣ ስንቃቸውን በአቁማዳ ይዘው ይደርሳሉ። ለእነዚህ መንገደኞች ድካሙ የስእለቱ አካል ነው፤ መኪና ቢቀርብላቸውም ላይሳፈሩ ይችላሉ። በአንጻሩ የከተማው ምእመን በማኅበር ተደራጅቶ፣ አውቶቡስ በኮንትራት ይዞ፣ መነሻና መመለሻ ቀኑን በማስታወቂያ አውጥቶ ይመጣል። ይህ «መንፈሳዊ ጉዞ» የሚባለው ልማድ ያለ ጋሸና መንገድ የሚታሰብ አልነበረም። በበዓሉ ሰሞን ሁለቱ መንገደኞች በአንድ ዳገት ላይ ይገናኛሉ፤ አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ ያልፋል፤ እግረኛው ከአቧራው ዘወር ብሎ ነጠላውን አፉ ላይ ይይዛል። አንድ መድረሻ፣ ሁለት ዘመን። ከእነዚህ አንዱን «ኋላ ቀር» ብሎ የሚጽፍ ጥናት ባነብ አዝናለሁ፤ እግረኛው ምርጫውን አውቆ የመረጠ ነውና።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ረጅሙ መስመር ነው። ላሊበላ ግን የራሷ የከተማ ዳር መስመርም አላት። የበረራ አገልግሎቱ በሹምሽሃ ሜዳ ላይ በተሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ዓመቱን ሙሉ መሥራት ሲጀምር፣ ከከተማው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ይህ ቦታ የዕለት ተዕለት ምልልስ ፈጠረ። መንገዱ በነአኵቶ ለአብ ገዳም በኩል ያልፋል። አውሮፕላኑ በሚያርፍበት ሰዓት የሆቴሎች ሚኒባሶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ እንግዳውን ጭነው ይወጣሉ። ቅዳሜ ቀን፣ የላሊበላ ገበያ በሚውልበት ዕለት፣ በዚያው መንገድ ዳር ገበሬው አህያውን እየነዳ፣ ሴቲቱ እንስራና ዶሮ ይዛ በእግራቸው ይወጣሉ። ግማሽ ባዶ የኾነው ሚኒባስ አጠገባቸው ያልፋል። ሚኒባሱ አጥፍቷል አልልም፤ ለእንግዳ የተመደበ መኪና ነው። ነገር ግን መኪናው የሚሠራው በአውሮፕላኑ ሰዓት እንጂ በገበያው ሰዓት አይደለም።

ሌላው የከተማ ዳር ጥያቄ የመጣው ከቅርስ ጥበቃው ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተጠጋግተው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ተነሥተው ኩራኩር ወደሚባለው የከተማዪቱ ዳርቻ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ስለ ካሣውና ስለ ቤቱ ብዙ ተጽፏል። ስለ መንገዱ ግን ጥቂት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይኖር የነበረ ሰው ለኪዳን በእግሩ ይደርስ ነበር፤ ጠላ የምትሸጥ እናት ደንበኞቿ በደጇ ያልፉ ነበር። ሲርቁ ርቀቱ ወጪ ኾነ። ያንን ክፍተት የሞላው የታቀደ የከተማ አውቶቡስ ሳይኾን ባጃጅ ነው። ባጃጅ የከተማዪቱን ዳገት በመቻሉ ይመሰገናል፤ ይኹን እንጂ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያጓጉዝ መኪና ባለመኾኑ ዋጋው ለዕለት ተመላላሽ ይከብዳል። ሰውን ከመሐል ከተማ ወደ ዳር የሚያዛውር ዕቅድ የመመለሻ መስመሩን አብሮ ካላቀደ፣ ዕቅዱ በግማሽ የተሠራ ነው።

የአንድ ቅርንጫፍ ከተማ የመኾን ትርጉም በግልጽ የታየው በቅርብ ዓመታት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚውን አስቀረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. መንግሥት መልሶ መያዙን አስታወቀ፤ በታኅሣሥም ከተማዪቱ እንደገና ተይዛ እንደገና ተለቀቀች። በእነዚያ ወራት የዜና አንባቢዎች ደጋግመው የጠሩት ስም ጋሸና ነበር። ከዚያ በፊት ጋሸናን የሚያውቃት ሻይ የጠጣባት መንገደኛ ነበር፤ አሁን አገር ሁሉ አወቃት። ወልድያን፣ ባሕር ዳርንና ላሊበላን የሚያገናኝ ቋጠሮ በመኾኗ ጋሸናን የያዘ ሦስቱንም አቅጣጫ ይይዝ ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ ከተማዪቱ መድኃኒት፣ ዱቄት፣ ገንዘብ፣ መብራት አጣች። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ በረራው ሳይቀር ለጊዜው ተቋረጠ፤ ሁለቱም በሮች በአንድ ጊዜ ተዘጉ። ስለ ጦርነቱ መነሻና ተጠያቂነት የሚናገሩ ሌሎች መድረኮች አሉ። እኔ እንደ ትራንስፖርት ታሪክ ተመራማሪ የምለው፣ በአንድ መገንጠያ ላይ የተንጠለጠለ ከተማ ያንን መገንጠያ በተነጠቀ ቀን ሌላ መውጫ እንደሌለው ነው።

ስለዚህ ኩልመስክን እንደገና መመልከት ያሻል። በካርታ ላይ ሁለተኛው በር እርሱ ነው። ሦስተኛውም አለ፦ ከላሊበላ በቢልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ የሚወጣው። እነዚህ ሁለት መንገዶች ዓመቱን ሙሉ አውቶቡስ የሚያስኬዱ ቢኾኑ ላሊበላ ከመንገድ መጨረሻነት ወደ መተላለፊያነት ትለወጣለች። ከወልድያ ወደ ሰቆጣ የሚሄድ ሰው ላሊበላ አርፎ ይሄዳል። የዋግና የራያ ነጋዴ በእርሷ ገበያ ይገናኛል። ለጎብኚ ተብሎ የተሠራው ሆቴል ጎብኚ ባይኖር እንኳ መንገደኛ ያገኛል። በወረርሽኙና በጦርነቱ ዓመታት ባዶ የቀሩትን አልጋዎች ያስታወሰ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚመዝን ይገባዋል። በእግርና በበቅሎ ዘመን ላስታ እንዲህ ነበረች፤ ከየአቅጣጫው ተገብቶ በየአቅጣጫው የሚወጣባት።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መንገድ መሥራት ውድ ነው፤ በዚያ መልክዐ ምድር ይበልጡን ውድ ነው፤ የተሳፋሪውም ቁጥር ወጪውን አይመልስም ይባላል። ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ግን ጠይቁ። የዛሬውን ተሳፋሪ ብቻ ብንቆጥር በኩልመስክ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂት የኾነው ግን መንገዱ ስለማያስኬድ ነው። የቻይናው መንገድ ከመሠራቱ በፊት በጋሸና የሚያልፈው ተሳፋሪ ቢቆጠር ኖሮ ያ መንገድም ባልተሠራ ነበር። ከዚህም በላይ የ50 ኪሎ ሜትሩ ትርፍ በእያንዳንዱ ቲኬትና በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ በየቀኑ ይከፈላል። የተከፈለው ተደምሮ በማንም መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ብቻ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል።

በዚህ አዳራሽ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች እንዳላችሁ አያለሁ። በወልድያና በላሊበላ መናኸሪያዎች በየዕለቱ የስምሪት ወረቀት ይጻፋል፦ የሰሌዳ ቁጥር፣ የተሳፋሪ ቁጥር፣ የመነሻ ሰዓት፣ መድረሻ። ከመናኸሪያው ውጭ ደግሞ ሠላሳና አርባ ዓመት ያሽከረከሩ ሾፌሮች፣ መንገዱ ጠጠር ሳለ ከፊት ወርደው ድንጋይ ያነሡ ረዳቶች፣ ጋሸና ላይ ሦስት ትውልድ ያስተናገዱ የሻይ ቤት ባለቤቶች አሉ። ወረቀቱ ሳይቃጠል፣ ሰዎቹም ሳያልፉ የሚመዘግብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄም ቀላል ነው፦ በኩልመስክ በኩል ለመጨረሻ ጊዜ የሄዳችሁት መቼ ነው? ስለ ምንስ ተዋችሁት?

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ልተወው።